እናቴና ሹፌሩ ወንዝ የወረዱ ዕለት

እናቴ ባሌን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ልጄ" ብላውም አታውቅም። ከተጋባን ሃያ ዓመት አልፎናል፤ ለሷ ግን ዛሬም "ሹፌሩ" ነው። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እንኳ በኔ በኩል ነው የምታናግረው። "ሹፌሩ ሻይ ይጨመርለት?" ትለኛለች። እኔ ዞር ብዬ "ሻይ ይጨመርልህ?" እለዋለሁ። እሱ "ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" ይለኛል። እኔ መልሼ እዞራለሁ። በሁለቱ መሀል ያለችው አንዲት ጠረጴዛ ናት፣ እሷም ትንሽ። ሐኪሙ አንገቴን የሚያመኝ ከሥራ ብዛት ይመስለዋል።

ይህ ስም የወጣለት እኔን ሊጠይቅ የመጣ ቀን ነው። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ አስራ ሰባት ቁጥርን፣ ከሆስፒታሉ እስከ ጡብ ፋብሪካው። ያን ጊዜ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርና ፈቃድ ከለከሉት። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው እናቴ በር ላይ አቁሞ "አንዴ ታገሱኝ፣ መጣሁ" ብሏቸው ገባ። እናቴ የአባቱን ሥራ፣ የትምህርቱን ደረጃ፣ የወደፊት ሐሳቡን ትጠይቀዋለች፤ እሱ ላቡን ይጠርጋል፤ ውጭ ጡሩምባ ይነፋል። በመጨረሻ ቦርሳ ያነገተ ሰውዬ በሩን በርግዶ ገባና "ሹፌሩ እዚህ ነው የገባው? እኛስ ሥራ የለንም እንዴ?" አለ። ከሱ ኋላ ሌላ ሰው፣ ከዚያኛው ኋላ ሌላ። እናቴ ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ ሙሉ አውቶቡስ እንግዳ ተቀበለች። ስትመኘው የኖረችው አማች ደግሞ ባለቢሮ፣ ባለክራቫት፣ ሲናገር የማይሰማ ሰው ነበር። ባሌ ሲወጣ ወደኔ ዞር ብላ "ሹፌሩ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይመጣ" አለችኝ። መጣ እንጂ። እኔም ሄድኩለት።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል። የባሌ አመል ያለው ቀኝ እግሩ ላይ ነው። "ወራጅ አለ" የሚል ቃል ጆሮው ከገባ እግሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል፤ ጭንቅላቱን አያማክርም። ሶፋችን ፊት ያለው ምንጣፍ በቀኝ በኩል ብቻ የሳሳው ለዚህ ነው። ልጃችን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ስትፈልግ "ወራጅ አለ" ትላለች፤ አባቷ ፍሬን ሲይዝ ሪሞቱ ከጭኑ ላይ ይወድቃል፤ አንስታው ትሄዳለች። እንግዳ ሲሸኝ "የረሳችሁት ዕቃ እንዳይኖር እዩ" ይላል። በእንቅልፍ ልቡ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ የኔ ቅልጥም ላይ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ማታ በካልቾ እመታለሁ። እንደ ካውያዬ ቶሎ የምግለው ወድጄ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እናቴ ብቻዋን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምጹ ነው። እሷን ብትጠይቋት ግን "ዓይኔስ ደህና ነው፣ መብራቱ ነው የደከመው" ነው የምትላችሁ። አንድ ቀን የሻይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ረሳችውና ጎረቤት በጭሱ ደረሰላት። የማንቆርቆሪያው ቂጥ ቀልጦ ከምድጃው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል።

እኛ ቤት አንዲት ትርፍ ክፍል አለች። ምድር ላይ ናት፣ ደረጃ የላትም፣ በመስኮቷ የጠዋት ፀሐይ ይገባል። ባሌ ራሱ ቀለም ቀብቶ አልጋውን ገጠመላት። ከዚያም ከሥራ ቦታው ከተጣለ አሮጌ አውቶቡስ የመያዣ ብረት ፈትቶ አመጣና፣ እናቴ ሌሊት ስትነሳ እንድትደገፈው ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ ተከለው። ክፍሏ ባዶዋን ከረመች። እናቴ "ከሹፌሩ ጣሪያ ስር አልገባም" ብላ ጨርሳለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ ጮህኩባት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ባሌ አይናገርም እንጂ፣ አንዳንዴ እዚያች ክፍል ገብቶ ብረቱን በጨርቅ ሲወለውል አየዋለሁ። ያኔ አንጀቴን ይበላዋል።

ወንድሜ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ እሱ "ልጄ" ነው። "ልጄ" ሲደውል እናቴ ለስልኩ ሻሿን ታስተካክላለች። ወደ ተወለደችበት ከተማ፣ ወንዙ ዳር ወዳለችው፣ ሊወስዳት ቃል ከገባላት ቆይቷል። እሷም ልጅነቷን ያሳለፈችበትን ወንዝ አንዴ በጀልባ ተሻግሬ ልሙት የምትለው ነገር አላት። በመጨረሻ እሁድ ሊሄዱ ተቀጣጠሩ። ቅዳሜ ማታ "ስብሰባ ገጠመኝ" ብሎ ደወለ። እሁድ ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚደረግ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባሌ ይህን ስነግረው ካልሲውን እያወለቀ ነበር። መልሶ አጠለቀው። ወጥቶ ሄደና ጋራዥ ካለው ጓደኛው አሮጌ ሚኒባስ ተውሶ መጣ። "ንገሪያቸው" አለኝ፣ "ነገ እኔ እወስዳቸዋለሁ።"

"ስማ" አልኩት፣ "ነገ ደስ ብሏት ከዋለች ምናልባት እሺ ትለንና እኛ ቤት ትገባለች። ካበላሸኸው ግን ያቺን ክፍል ሽንኩርት አስቀምጥባታለሁ።"

"አላበላሸውም" አለ።

እሁድ ጠዋት የተኮስኩለትን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ። ላዩ ላይ ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱን ደረበ፣ ደረቱ ላይ አስራ ሰባት ቁጥር የተጠለፈበትን። "ይህን ነገር አውልቀው፣ ዛሬ ሥራ አይደለህም" አልኩት። "ያለሱ ክላቹን አላገኘውም" አለኝ። በጠዋቱ ላለመጣላት ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ባልውጠው ይሻለኝ ነበር።

እናቴን ከፎቋ አውርደን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አስቀመጥናት። እኔ ከጎኗ፣ ልጃችን ከፊት ከአባቷ አጠገብ። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ "ሹፌሩ መንገዱን ያውቀዋል?" አለችኝ። "ታውቀዋለህ?" አልኩት። "ከነጉድጓዱ በያቸው" አለኝ። ጉዟችን ተጀመረ።

ችግሩ፣ ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ የአስራ ሰባት ቁጥር መንገድ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም። እሱም አላሰበውም፤ እግሩ ግን አስቦበታል። የመጀመሪያው ፌርማታ ጋ ስንደርስ ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ጥጉን ያዘና ቆመ። እኔ አንድ ነገር የረሳ መስሎኝ ዝም አልኩ። ፌርማታው ላይ የቆሙት ሰዎች ጃኬቱን አዩ፤ ፊቱን ደግሞ ከራሳቸው ዘመድ በላይ ነው የሚያውቁት። አስራ ሰባት ቁጥር ተበላሽቶ በሚኒባስ የተተካ ሳይመስላቸው አልቀረም፣ በሩን ስበው ግር ብለው ገቡ። ዘንቢል የያዘች ሴት እግሬን ረግጣኝ አልፋ ተቀመጠች። ባሌ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ውስጥ ባዶ ነው" ብሎ ነዳው።

እናቴ የሰው ድምጽ ስትሰማ ደስ አላት። "እንደምን አደራችሁ?" አለች።

"ደህና፣ እግዜር ይመስገን" አሏት።

"እናንተም ወንዝ ልትወርዱ ነው?"

ባለዘንቢሏ "እኔስ ገበያ ነው የምወርደው" አለች።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሹክ ማለቷ ነው፣ ሁሉም እየሰማ "የሹፌሩ ዘመዶች ናቸው አይደል? ሳይጠሩ መምጣት ድሮም የሱ ወገን አመል ነው" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ" አልኩት ጥርሴን ነክሼ፣ "ምን እያደረግክ ነው?" በመስታወቱ አየኝ። ቀጥሎ ዘንቢሉን አየ። ቀጥሎ አጎንብሶ የገዛ ጃኬቱን አየ። "ውይ" አለ። ልጃችን ከፊት ወንበሩ ላይ ተጣጥፋ ትስቃለች።

አስወርዳቸው ስለው "ሰው ካሳፈሩ በኋላ ማስወረድ ነውር ነው፣ በየፌርማታቸው ይወርዳሉ" አለኝ። በየፌርማታቸው ሊያወርዳቸው ሲቆም ደግሞ ሌሎች ይገባሉ። "ወራጅ አለ" ይላል አንዱ፣ ባሌ ቀጥ ያደርገዋል፤ ሁለት ይወርዳሉ፣ ሦስት ይገባሉ። እኔ እርር ድብን እላለሁ። እናቴ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ዓይኗ ቢደክም ጆሮዋ የድመት ነው። "ወራጅ አለ" በተባለ ቁጥር መኪናው እንደሚቆም ልብ ብላለች። ያኔ ምንም አላለችም።

በመሀል አንድ አናጢ ተሳፈረ፤ የቁም ሳጥን በር ከነረጅም መስታወቱ ታቅፎ። በሩን ከእናቴ ፊት አስደግፎ አቆመና፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ጡብ ፋብሪካው ጋ ቀስቅሱኝ" አለ። ወዲያው አንቀላፋ። ጡብ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ሌላው ሁሉ ተንጋግቶ ወረደ። እኔም ሌላ ሰው ሳይገባብን በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁና "ንዳ" አልኩት። በንዴት ሰውየውን ረሳሁት።

ከተማውን ወጥተን ማሳ ማሳው መታየት ሲጀምር ትንሽ በረደልኝ። እናቴ ጎሸም አደረገችኝ። "ስሚ" አለችኝ፣ "ይቺ አሮጊት እስከ የት ነው የምትሄደው? ከተሳፈረች ጀምሮ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።"

"የቷ አሮጊት?"

"ይቺ ፊት ለፊቴ ያለችው። ሰላምታም አታውቅ።"

"እማዬ፣ መስታወት ነው እኮ።"

እናቴ እጇን ዘረጋች። አሮጊቷም ዘረጋች። መስታወቱን ዳሰሰች። "እንደዚህ አርጅቻለሁ?" አለችኝ። ከፊት ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "መስታወቱ ነው የቆሸሸው በያቸው" አለኝ። እናቴ የሻሿን ጫፍ ይዛ መስታወቱን ወለወለችው። አሻሽታ አሻሽታ መልሳ አየችው። "አሁን ይሻላል" አለች።

ያኔ ነው የተኛው ሰው ትዝ ያለኝ። ቀሰቀስኩት። "ደረስን?" አለኝ። "አለፍነው" አልኩትና የሆነውን ነገርኩት። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ አሰበ። "ዛሬ እሁድ ነው፣ ደንበኛዬም ቢሆን ሳጥኑን ካዘዘ ከርሟል" አለና ተመልሶ ተኛ። እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም።

መንገዱ ቀና፣ መኪና የለበት፣ ፌርማታም የለም። አሁን ሰላም አገኘሁ ስል፣ እናቴ በመስኮት የምታይ መስላ፣ ለስለስ ባለ ድምጽ፣ "ወራጅ አለ" አለች። ሚኒባሱ ቀጥ። ለምሳ የያዝነው ብርቱካን ከዘንቢላችን ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ባሌ ግራ ቀኙን አየ፤ ጭው ያለ ሜዳ ነው፣ አንድ በሬ ቆሟል። "ማነው የሚወርደው?" አለ። ማንም አልተነሳም። ነዳው። ትንሽ እንደሄድን "ወራጅ አለ"። ቀጥ። ያኔ እናቴ አፏን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየኋት። ትስቃለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ተይ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

"እባክሽ ንገሪያቸው" አለኝ ባሌ፣ "ከኋላ መኪና ቢመጣ ይገጨናል።"

"ሹፌሩ ምን አለ?" አለች እናቴ።

"አደጋ ነው አለ።"

"እሺ ትቻለሁ በይው" አለች። ከዚያ በኋላ ከኋላችን መኪና አለመኖሩን እኔን እየጠየቀች ሆነ የምታደርገው።

የወንዙ ከተማ ትንሽ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኙ ብስክሌት የሚጠግኑ፣ የዓሣ መረብ የሚሸጡ፣ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው የሚያዛጉ ሰዎች። መንገዱ ቁልቁል ሄዶ ሄዶ ወንዙ ላይ ያበቃል። እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ "ይሄ ነው፣ የኛ ወንዝ" አለች። ሽታውን ታውቀዋለች። ዛፍ ጥላ ስር አንጥፈን የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በላን። አናጢው መስታወቱ እንዳይሰበርበት በሩን ዛፍ ላይ አስደግፎ አብሮን በላ፤ እናቴ አሁንም የሹፌሩ ዘመድ ነው ብላ ስለምታምን እንቁላል ትጨምርለታለች። በልጅነቷ ይህን ወንዝ በዋና ትሻገር እንደነበር፣ ወንዶቹን ሁሉ ትቀድማቸው እንደነበር አወራችን። ባሌ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ እንቁላል ይልጣል።

ይህን መናገር አለብኝ፤ ባሌ ውሃ ይፈራል። ልጅ ሳለ የውሃ ጉድጓድ ገብቶ በገመድ ነው ያወጡት። ዛሬም ድረስ ሙሉ ባልዲ ሲያይ ዞር ብሎ ያልፋል። ጎማው መሬት ያልነካ ነገር ላይ አይወጣም። ለእናቴ ግን ነግሬያት አላውቅም፤ "ሹፌሩ" ላይ "ፈሪው" እንዳይጨመርበት።

ወደ ጀልባው ስንሄድ እናቴ "ሹፌሩ አይሳፈርም?" አለችኝ።

"ዕቃ ይጠብቃል።"

"ወንዝ ድረስ መጥቶ ዕቃ" አለችና አፏን አጣመመች። ባሌ ሰምቷል። መሬት መሬቱን አየ።

ጀልባው ሞተር ያለው፣ ሸራ ጣሪያ የተወጠረበት ነበር። እናቴ ዳሩ ላይ ተቀምጣ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ተሻገርን። ማዶ የተወለደችበት ቤት ፈርሷል፤ የጎማ መጋዘን ሆኗል። አላዘነችም። "ቤቱማ ድሮም ያፈስ ነበር፣ እኔ የመጣሁት ለወንዙ ነው" አለች። እግሯን ታጥባ፣ ልጃችን ፎቶ አንስታት፣ ተመልሰን ተሳፈርን። ባሌ ከወዲያ ማዶ በሰማያዊ ጃኬቱ ቆሞ ይታየኛል፤ ፌርማታ ላይ የቆመ ተሳፋሪ ይመስላል። ቀኑ እንዳማረ ሊያልቅልን ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ዳር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል፣ ፀጥ። ባለጀልባው ገመዱን ይስባል፣ ይሳደባል፣ ይስባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነት ነው። ማንም ሳያጣድፈው ጀልባው አፍንጫውን አዞረና ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ቁልቁል ደግሞ የድልድዩ ምሰሶዎች አሉ፤ ውሃው እነሱ ጋ ሲደርስ ነጭ ይሆናል። ባለጀልባው ትልቁን ገመድ ወደ ዳር ወረወረ። ገመዱ ዳር ሳይደርስ ውሃው ላይ ወደቀ። "ያዝልኝ፣ አንተ፣ ያዝልኝ" ብሎ ጮኸ። ዳር ላይ በቅርብ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባሌና አናጢው። አናጢው ወደ መኪናው ሊመልሰው በሩን ታቅፏል።

ባሌ በዳር በዳሩ ከኛ ጋር እኩል ይሄዳል፣ ዓይኑ ገመዱ ላይ ነው። ጫማው ውሃውን ሲነካ እግሩን ይሰበስባል። እንደገና ይሞክራል፣ ይሰበስባል። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጃችን "አባዬ" እያለች ታለቅሳለች። እኔ ስሙን ልጠራ ብዬ ተውኩት፤ ገብቶ ቢሰምጥስ? ከእናቴና ከሱ ማንን ልምረጥ? እንዲህ ያለ ቀን ጠላቴም አይግጠመው።

እናቴ አልጮኸችም። የጀልባውን ዳር በአንድ እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ዳር መልሳ፣ መንገድ ላይ ስትጫወትበት በዋለችው በዚያው ለስላሳ ድምጽ፣ "ወራጅ አለ" አለች።

ባሌ ገባ። አላሰበም፤ እግሩ ነው የገባው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ ከነጫማው ከነጃኬቱ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ገመዱን ያዘ። ያኔ አእምሮው ደረሰበት መሰለኝ የት እንዳለ አየና ጮኸ፤ ገመዱን ግን አልለቀቀም። አናጢው መስታወቱን ጥሎ ሮጠና የጃኬቱን ጅራት ከኋላ ያዘለት። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ጠረረረ ብሎ ተቀደደ። ሁለቱ እየወደቁ እየተነሱ ጀልባውን ጎትተው ዳር አደረሱት።

ባሌ ከውሃው አልወጣም። እዚያው ቆሞ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ እጁን ለእናቴ ዘረጋ። "ቀስ ብለው እማማ" አላት፣ "ግራ እግርዎን ያስቀድሙ። አይቸኩሉ፣ ሳይወርዱ አልንቀሳቀስም።" ለተሳፋሪ ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። ግን ያለኔ አናገራት። እናቴ ትከሻውን ተደግፋ ወረደች።

ዳር ላይ ሰው ተሰብስቧል። መረብ የምትሸጥ አንዲት ሴት ለእናቴ ፎጣ እያቀበለች "ልጅዎ ነው?" አለቻት። ባሌ ጫማውን ሊያወልቅ አጎንብሶ እንዳለ ቀረ።

"ልጄማ ስብሰባ ላይ ነው" አለች እናቴ። "ይሄ ሹፌሬ ነው።"

ሹፌሩ አላለችም። ሹፌሬ። ያቺን አንዲት ፊደል ለመቀየር ሃያ ዓመትና አንድ ወንዝ ፈጀባት። ባሌ ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋ፤ እንደገና ደፋው፤ ባዶውን ጫማ ሦስተኛ ሲደፋው እንባውን እየደበቀ እንደሆነ ገባኝ።

ስንመለስ ጃኬቱን ነፋሱ ያደርቀዋል ብለን መስኮት ላይ ሰቀልነው። "ክላቹን አገኘኸው?" አልኩት። "አገኘሁት" አለኝ። መስታወቱ ሳር ላይ ስለወደቀ ጥጉ ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ አናጢው በዚህ እግዜርን አመስግኖ ኋላ ገባና አንቀላፋ። እናቴ መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። አንዴም ወራጅ አለ አላለችም። እኔ የደነገጠች መሰለኝ፤ ቀኑ ተበላሽቷል፣ ሽንኩርቴን ላስገባ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከተማ ስንገባ ባሌ አንድም ፌርማታ ላይ አልቆመም፤ ጃኬቱን ስላልለበሰ ይሁን፣ እንጃ።

የእናቴ ፎቅ ስር ስንደርስ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ቀና ብዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮቷን አየሁት፤ መብራት የለበትም። ቦርሳዋን አነሳሁ። ልጃችን ወርዳ በሩን ሳበች። እናቴ አልተነሳችም።

"ደረስን፣ እማዬ" አልኳት።

እናቴ ወደኔ አልዞረችም። ወደ ሹፌሩ ወንበር ጎንበስ አለች። "ወራጅ አለ ያለ ሰው አለ?" አለች።

ባሌ በመስታወቱ አየኝ። ልማድ ሆኖበት እኔ እንዳስተላልፍለት ይጠብቃል። እኔ አንገቴን አላዞርኩም።

"የለም፣ እማማ" አለ በመጨረሻ።

"ታዲያ ምን ያቆምሃል? ያ የተከልክልኝ ብረት እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይደርሳል አሉ። ንዳ እንጂ።"

ልጃችን ሮጣ ገብታ በሩን ዘጋችው። ባሌ ማርሽ አስገባ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና አስገባና ነዳ። ሰፈራችን ልንገባ ስንል ከኋላ ወንበር ላይ አናጢው ነቃና፣ በመስኮት አየት አድርጎ፣ "ወራጅ አለ" አለ። ባሌ አልሰማውም።